የድሮ ጌም «ምንም አያስረዳም» ነበር?

ወንድሜ፣ «የድሮ ጌሞች ምንም አያስረዱም ነበር፣ ተጫዋቹ ነው ጎበዝ» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ይለዋል። ማብራሪያው ነበር፤ ግን ያለው ጌሙ የሚሸጥበት ካርቶን ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዜልዳ የሚባለው ጌም በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲሸጥ የመመሪያ መጽሐፍና ካርታ አብሮት ነበር። ዕቃው፣ ጠላቱ፣ የመነሻው መንገድ ሳይቀር እዚያ ላይ ተጽፏል።

እኛ ጋ የሚሽከረከረው ግን ኮፒ ሲዲ ነበር። መመሪያ ከየት ይምጣ? በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ በሚባለው ጌም፣ ሜሪል የምትባለዋን ገጸ ባሕሪ በሬዲዮ ለማግኘት «ቁጥሩ ሲዲው መያዣ ጀርባ ላይ አለ» ትባላለህ። እውነተኛው መያዣ ላይ 140.15 ታትሟል። የኛ ሲዲ የመጣው በላስቲክ! ቁጥሩን አንድ በአንድ እየቀያየርን ነው ያገኘነው። ይሄ ጉብዝና ሳይሆን መከራ ነው።

በእርግጥ በደንብ ያላስረዱም አሉ። ካስልቬኒያ 2 የሚባለው ጌም ላይ ቀዩን ክሪስታል ይዘህ ገደሉ ጥግ ተንበርክከህ ትጠብቃለህ፤ አውሎ ነፋስ መጥቶ ይወስድሃል። ጌሙ ውስጥ ያለው ፍንጭ ስለ መንበርከክ ትንፍሽ አይልም። እሱ ላይ ብትናደድ አብሬህ እናደዳለሁ።