ሲሮጡ የታጠቁት

ቦስተን ነን። እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱት ጋሼ የተለመደችውን አመጡ፦ «የድሮ አሜሪካ ሥራ እኮ አለት ነው!» ለእሳቸው መቶ ዓመት የሞላው ግንብ ሁሉ ተሳልመውት የሚያልፉት ነው።

ነርሷ ስኒዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እዚሁ ቦስተን ኖርዝ ኤንድ ሰፈር የነበረውን የሞላሰስ ታንከር ረሱት እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1915 መጨረሻ ከኩባ መርከብ ሊመጣ ነው ብለው አጣድፈው ያቆሙትን? 15 ሜትር ቁመት ላለው ነገር፣ ስንዝር በማይሞላ ውሃ ፈትሸው ‹አለፈ› አሉት። ሥራውን የተቆጣጠረው የገንዘብ ሰው ነበር፤ ፕላን ማንበብ እንኳ አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

ሞላሰስ፣ ያ ከስኳር የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ፣ እንዴት እንደሚጣበቅ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያደገ ሰው ያውቃል። ታንከሩ ገና ከጅምሩ ያፈስ ነበር። የሰፈሩ ልጆች፣ አብዛኞቹ የጣሊያን ስደተኞች ልጆች፣ ጣሳ ይዘው እየሄዱ የሚንጠባጠበውን ይቀዱ ነበር። ኩባንያው ታዲያ ምን አደረገ? ታንከሩን ቡናማ ቀለም አስቀባው። ሞላሰሱም ቡናማ፣ ቀለሙም ቡናማ፤ ማን ይለየዋል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1919 እኩለ ቀን አለፍ ሲል ተፈታ። 8.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ሞላሰስ ከቤት በላይ ማዕበል ሆኖ ኮሜርሻል ስትሪት ላይ ወረደ። 21 ሰው ሞተ፣ 150 ያህል ቆሰለ፤ ፈረሶቹ ማር ውስጥ እንደ ገባ ዝንብ ሆነው ቀሩ።

ጋሼ ግን መች ይሸነፋሉ! «አናርኪስቶች፣ እነዚያ መንግሥት አይኑር ባዮች ናቸው በቦምብ ያፈነዱት» አሉ። ይቺን የኩባንያው ጠበቆችም ብለዋታል።

«ቦምቡን ልጆቹ በጣሳ ነው ያመጡት?» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። ፍርድ ቤት የሾመው ሂዩ ኦግደን የሚባል ሰው ዓመታት የፈጀ ምስክርነት ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ጥፋቱ የኩባንያው ነው አለ፤ ካሳው 628,000 ዶላር ገደማ ሆነ።

«ያኔ እኮ መሐንዲስ ይፈርም የሚል ሕግ አልነበረም» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አሁን ይሄ መልስ ነው? ጣሳ የያዘ ሕፃን ያየውን ለማየት ሕግ ያስፈልጋል?

«ሲሮጡ የታጠቁት...» ብላ ነርሷ ጀመረች፤ ሁላችንም «ሲሮጡ ይፈታል!» አልን። ጋሼ ብቻ ፈንዲሻውን ይቆረጥማሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጥድፊያው ሳይሆን ቀለሙ ነው። ዘመናችን የቀቢ ዘመን ሆነ። ውሃ ያልገባለት ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል፣ በብድር የተደገሰ ሠርግ በድሮን ይቀረፃል፣ የተጣላ ባልና ሚስት ተቃቅፎ ፎቶ ይለጥፋል። የምከራይበት ቤት ጣሪያ ካፈሰሰ ሁለት ክረምት ሆነው። ለአከራዬ በደወልኩ ቁጥር የሚልክልኝ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም፣ ቀለም ቀቢ ነው። ባለፈው ማክሰኞም መጥቶ ነበር። ነጭ ቀባልኝ፤ እርጥበቱ ሐሙስ ተመልሶ ወጣ።

ቡናማ ቢቀባው ኖሮ እኮ አላየውም ነበር።