ድራማ ለደፋር ልጆች ብቻ አይደለም

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ሲከበር የሚቀርበውን ድራማ ደጋግሞ የተመለከተ ሰው፣ ተዋንያኑ ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች መሆናቸውን ሳያስተውል አይቀርም። በሚኒ ሚዲያው ዜና የሚያነቡትም፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግጥም የሚያቀርቡትም እነሱው ናቸው። መምህሩ የጻፈላቸውን ሸምድደው ይወጡታል፣ ይጨበጨብላቸዋል። በዚህ አሠራር ድራማ የሚጠቅመው ቀድሞውኑ ድፍረት ያለውን ልጅ ሲሆን፣ ስሙ ሲጠራ አንገቱን የሚደፋው ልጅ ከዓመት ዓመት ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በእኔ እምነት የልጆችን በራስ መተማመን የሚገነባው ተሸምድዶ የሚቀርብ ተውኔት ሳይሆን፣ የቴአትር ባለሙያዎች ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉት፣ ያለ ጽሑፍ እዚያው በጨዋታ መሃል የሚፈጠር ትወና ነው።

ጉዳዩ በከተማዋ ዳርቻ ይበልጥ ያሳስባል። በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖሩት ቤተሰቦች ከየሰፈሩ በዕጣ የተሰባሰቡ ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ በልማት ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡም አሉ። ልጁ አብሮ አደጎቹን ትቶ መጥቷል፤ በአዲሱ ክፍል ውስጥም አፉን በአማርኛ የፈታና አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። የቴአትር ጨዋታዎችን በሥርዓት ያደራጁት አሜሪካዊቷ ቫዮላ ስፖሊን እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1941 በቺካጎ የድራማ ተቆጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ የገጠማቸው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስደተኞች ልጆች የባህልና የቋንቋ አጥር ሳያግዳቸው የሚጫወቱት ነገር ያስፈልግ ነበር። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ እንደ መስታወት የሚከተልበት ጨዋታ አንድም ቃል አይጠይቅም።

ባለፈው ክረምት በኮዬ ፈጬ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ የተመለከትኩትን ላንሣ። አስተባባሪዋ በክብ ለቆሙ ልጆች ባዶ ቢጫ ጀሪካን ሰጠች፤ ደንቡ እያንዳንዱ ልጅ ጀሪካኑን ሌላ ዕቃ አድርጎ በድርጊት እንዲያሳይ ነበር። አንዷ እንደ ሕፃን አዘለችው፣ ሌላው እንደ ከበሮ መታው፣ ሦስተኛው ተቀምጦበት ባጃጅ ነዳ። እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላለ አንድ ልጅ ተራው ሲደርስ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ጥቂት ገፋው፣ ቆመ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት አየ፣ እንደገና ገፋው። ውኃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር ላደጉ ልጆች የውኃ ወረፋ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በደንቡ ከሄድን ስህተት ነው፤ ጀሪካኑ ጀሪካን ሆኖ ቀርቷልና። አስተባባሪዋ ግን አላረመችውም። አንዲት ልጅ መጥታ ከኋላው ተሰለፈች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ አንድ ፈርጠም ያለ ልጅ መሃል ሊገባ ሲል ደግሞ ዝምተኛው ዞር ብሎ «ወረፋ ያዝ እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። «አይዞህ፣ ተናገር» ተብሎ ቢለመን ኖሮ አንገቱን ይደፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያናገረው፣ ጓደኞቹ ያመጣውን ሐሳብ ሳይነቅፉ ተቀብለው ስለቀጠሉለት ነው።

ወላጆች ልጃችን ዓይን አውጣ ይሆናል ብለው መስጋታቸው አይገርመኝም፤ ልጅን በአዋቂ ፊት ዝም ማሰኘት እንደ ጥሩ አስተዳደግ የሚቆጠርበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ የጓደኛውን ቃል በጥሞና ያላዳመጠ ልጅ ቀጥሎ የሚለው ያጣል። ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። በእንካ ስላንትያ «በምን ትያ» ለተባለ ልጅ ቤት የሚመታ መልስ ከአፉ መፍጠን ነበረበት፤ የቡሄ ዕለትም ሆያ ሆዬ የሚያወጣው ልጅ የባለቤቱን ሁኔታ አይቶ ግጥሙን እዚያው ይቀይራል። (አባወራው ሳንቲም ሲሰስት ግጥሙ እንዴት እንደሚለወጥ የማያስታውስ የለም።) ኮንዶሚኒየም ስንገባ የተውነው ይህንን ጭምር ነው።

ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቦታም አይቸግርም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት አለ፤ ክፍለ ጊዜው ግን እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ይውላል። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ልጆቹን በአሥር አሥር ከፍሎ ማጫወት ይቻላል። መምህሩ ሊጠነቀቅ የሚገባው ማርክ ከመስጠትና አንዱን ከሌላው ከማወዳደር ነው፤ ነጥብ ሲገባበት ልጁ ወዲያው ትክክለኛውን መልስ ፍለጋ ይገባል። በልጅ ላይ የሚሳለቅ ሳቅም ሲነሣ እዚያው መቆም አለበት። አንድ ልጅ ዛሬ አልጫወትም ካለ ደግሞ ዳር ቆሞ ጊዜ እንዲይዝ ማድረግ ይበቃል፤ በግድ ወደ መሃል የተገፋ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ጨርሶ ሊቀር ይችላል።