እሜት ጎጎን ሳላያት

ባቡሩ ተራራው ሆድ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ጣቢያው አይስሜር ይባላል፤ «የበረዶ ባሕር» እንደ ማለት ነው። ከፍታው 3,160 ሜትር። አምስት ደቂቃ ተሰጠንና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ዓለቱን ቦርቡረው ወደ ሠሩት ትልቅ መስኮት ሮጠ። ከመስታወቱ ማዶ የበረዶው ግግር እንደታረሰ ማሳ ትልም ትልም ሆኖ ቁልቁል ተኝቷል። ከአጠገባችን አንድ ስዊዘርላንዳዊ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ በጓንት ጣታቸው ጫፍ ጫፉን እየጠቆሙ የየተራራውን ስም ያስጠኑታል። ልጁ ይደግማል። ሲሳሳት እንደገና ያስብሉታል።

የ11 ዓመቷ ልጄ ቆማ ስታያቸው ቆየችና እጄን ሳብ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ያንተን ተራሮች ስም ማን ነገረህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የመሳፈሪያው ጥሪ ተሰማና ተመልሰን ገባን። ጥያቄዋ ግን እስከ ጫፍ አብሮኝ ወጣ። ለፈረንጆቹ ገና ከምንኖርበት ከጀርመን ተነሥተን ስዊዘርላንድ በቆየንባቸው ስድስት ቀናት ሁሉ አልለቀቀኝም።

እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። አባቴ በቅሎ አከራይ ነበሩ። ቱሪስት ሲመጣ ድንኳኑን፣ ስንቁንና መኝታውን ጭነው፣ ከአስጎብኚውና ጠመንጃ ካነገተው ስካውት ጋር ሳምንት ያህል ይከርማሉ። ራስ ደጀን ስንት ጊዜ እንደ ወጡ ቆጥረውት አያውቁም። እኛ ልጆቻቸው ግን አንድም ቀን አልወጣንም። የከለከለን አልነበረም። ተራራው የፈረንጅ፣ መንገዱ ደግሞ የአባታችን እንጀራ ነበር፤ ለማየት ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ከመካከላችን ስላላየን አሳባችንም እዚያ አልደረሰም። ትምህርት ቤት «ራስ ደጀን 4,620 ሜትር» ብለን ሸምድደናል። (ዛሬ ከ4,500 ጥቂት ከፍ የሚል እንደሆነ ነው የሚነገረው።) ቁጥሩን ያስጠኑን መምህር አንድ ቀን እንኳ ሰልፍ አስይዘው ፓርኩ ውስጥ ካለው ሳንቃበር ድረስ አልወሰዱንም። በዚያ ዘመን ለእሳቸውም ይህ የማስተማር ሥራ መስሎ አይታያቸውም ነበር፤ ስለዚህ እሳቸውን አልወቅስም።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ልቤን የነካው በረዶው አይደለም፤ በረዶ ጀርመንም አለ። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ነው። እርግጥ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ጎብኚ ብዙ ነው። ነገር ግን ከላውተርብሩነን ወደ ቬንገን በሚወጣው ባቡር አጠገባችን የተቀመጡት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእንጨት ሸርተቴ ጭናቸው ላይ ያደረጉ ልጆች፣ ፔርሙስ የያዙ አያቶች፣ ዳቦ በአይብ በወረቀት ጠቅልለው የመጡ እናቶች። ሀብታም ለመምሰል የሞከረ አላየሁም። ባለቤቴ ከቤት በሶና ድርቆሽ ይዛ ነበርና እኛም ፍርፍራችንን ከፈትን፤ ማንም ዞሮ አላየንም። አገሩ ውድ ነው፤ ወደ ዩንግፍራውዮኽ ጫፍ ለመውጣት አንድ አዋቂ ወደ 200 ፍራንክ ይጠጋል። ለልጆቹ ግን መንገዱን ክፍት አድርገውታል። ከ6 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት 30 ፍራንክ ከተከፈለለት ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር አብዛኛውን የአገሩን ባቡር ዓመቱን ሙሉ በነፃ ይሳፈራል። ትምህርት ቤቶቻቸውም ልጆቹን በየዓመቱ ጉዞ ይወስዳሉ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ደግሞ ቢጫ ቀስት ያለው የእግረኛ ምልክት ቆሟል። እንዲህ ያለ ምልክት የተተከለበት የእግር መንገድ በመላ አገሩ ከ65,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት የእግር መንገድ ጉዳይ በሕገ መንግሥታቸው ገብቷል። ምልክቱን ጠጋ ብዬ ሳነበው ኪሎ ሜትር አይልም፤ ሰዓት ነው የሚለው። ወዲያ ማዶ መንደር 1 ሰዓት ከ20፣ ከዚያ በላይ 2 ሰዓት ከ45። ልቤ ደስ አለው። እኛም እኮ እንዲህ ነው የምንለካው! «የአንድ ጥዋት መንገድ ነው»፣ «ለምሳ ትደርሳለህ»፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ገደሉን ካለፍክ ትገባለህ»። የእነሱ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል፤ የእኛ በእነ አባቴ ራስ ውስጥ ነው።

ጫፉ ላይ ደረስን። ዩንግፍራውዮኽ ጣቢያ 3,454 ሜትር ላይ ነው፤ «የአውሮፓ ጣሪያ» እያሉ ያስተዋውቁታል። የ8 ዓመቱ ልጄ ራሱን አዞረውና አግዳሚ ላይ አስቀመጥነው፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ጥግ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ውጭ ነፋሱ ፊት ይልጣል። የአሌች ግግር፣ በአልፕስ ረጅሙ፣ ከእግራችን ሥር ጀምሮ ይነጉዳል፤ እሱም ከዓመት ዓመት እየቀለጠ ነው። ከላይ ሦስቱ ተራሮች ተደርድረዋል፦ አይገር፣ መነኩሴው፣ ልጃገረዷ። ዩንግፍራው ማለት ልጃገረድ ማለት ነው፤ መካከል የቆመው መነኩሴ ከአይገር ይጠብቃታል ይላሉ።

ልጄን እቅፍ አድርጌ በሐሳቤ ሰሜን ነጎድሁ። እኛም ዘንድ በወይዘሮ ማዕረግ የምትጠራ አለች፣ እሜት ጎጎ። ቁመቷ 3,900 አልፎ ጥቂት ነው። በመኪና የሚደረስበት የጨነቅ ሰፈር እንኳ ወደ 3,600 ሜትር ስለሆነ ይህ የአውሮፓ ጣሪያ ከሚሉት ጣቢያ ይበልጣል። ልጃገረዷ ራሷ 4,158 ናት፤ የኛው ተራራ ቧሂት ከእሷ በላይ ነው። ይህን የምለው ለፉክክር አይደለም፤ ተራራ ከተራራ አይፎካከርም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጆቼ ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ያለውን አየር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነፈሱት እዚህ ነው። አየሩ ግን በትውልድ የእነሱ ነበር።

ሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ መዝገቡ ሲከፈት ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ፣ ከላሊበላ ጋር። የስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹ፣ አሮጌው የበርን ከተማ ጭምር፣ የገቡት በ1983 ነው። ይህ የዩንግፍራው አካባቢ በ2001። ማለትም ዓለም የኛን ቀድሞ አይቶታል። ያላየነው እኛ ነን።

ቬንገን ላይ ያየሁትም ከአእምሮዬ አይጠፋም። መንደሩ መኪና የለበትም፤ ሰውም ዕቃም እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ በባቡር ነው የሚወጣው። ሰው ተራራው ላይ ይኖራል። በበጋቸው ከብቱን ወደ ላይኛው ግጦሽ ያወጣል፤ መንግሥትም መስኩን በግጦሽ ስለጠበቀ ገንዘብ ይከፍለዋል። የኛን ግጭ አሰብሁ። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ የገብስ አገር ነው፤ ግጦሹ ተጎድቶ፣ ዋልያው ተጨንቆ፣ በ2008 ዓ.ም. ነዋሪው ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ጓሳው አገግሟል ይላሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ዋልያ ከዚያ ሌላ አገር የለውም። ሆኖም የግጭን ሰው ደባርቅ ገበያ ላይ አውቀዋለሁ። ጋቢው ያው ነው፤ በጉና ገብሱ የለም። ሰውንም ዋልያንም ባንድ የሚያኖር ዘዴ መፈለጊያው ጊዜ አሁንም አላለፈም ብዬ አምናለሁ።

ይህንን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ልጆቼ አንድ ነገር አልገባቸው ብሎ ተከራከሩኝ። ቤት ውስጥ ይህን ብርድ «ክረምት» ስለምንለው፣ አገር ቤትም ታኅሣሥ ላይ በረዶ ያለ መስሏቸዋል። በጋ ነው አልኋቸው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የላሊበላ ተሳላሚ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ለገና የሚተምበት ወር ነው። አገራችን ሰው አይጓዝም ማለቴ እንዳይመስል። ሕዝባችን ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ቀናት በእግሩ ይሄዳል፤ መንገዱ ላይም ያበላሉ፣ ያሳድራሉ፣ እግር ያጥባሉ። የጎደለን፣ ልጅን ይዞ «ይህ አገርህ ነው፣ እየው» ብሎ መውጣት ነው።

ሉሰርን ላይ ብዙ አልቆየንም። የእንጨት ድልድያቸው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ተቃጥሎ ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ ቆሟል፤ ከጥንት ሥዕሎቹ ግን አብዛኞቹ አልተረፉም። ዙሪክ ስንደርስ ግን ለልጆቹ የሙሴ ኢልግን ታሪክ ነገርኋቸው። አልፍሬድ ኢልግ እዚሁ ዙሪክ ምህንድስና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ የገባ፣ አማርኛ ለምዶ የምኒልክ አማካሪ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። የጅቡቲ–አዲስ አበባው ባቡር ፈቃድ በ1894 ለእሱ ተሰጠ። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የዩንግፍራው ሐዲድ ደግሞ በ1896 ተጀምሮ በ1912 አለቀ። አየህ፣ ባንድ ዘመን የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ የሁለቱም የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ያኛው ከ100 ዓመት በኋላም ሽማግሌና የልጅ ልጁን ይዞ ይወጣል። የኛው አሮጌ ሐዲድ ግን አብዛኛው ዝም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደስ ይለኛል፤ ጭነት ያስፈልገናል፣ ፍጥነት ያስፈልገናል። ግን ከለገሃር ጥቂት ጣቢያ እንኳ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ልጆች እየተሳፈሩ ታሪኩን ቢሰሙ ምን ነበረበት እላለሁ።

«ታዲያ ለምን አትወስዳቸውም?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልወስዳቸው አልችልም። የሰሜኑ ጦርነት ደባርቅ ደጃፍ ደርሶ ነበር። እሱ በረደ ስንል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ቱሪስቱ ቀረ፤ ወንድሜ ከአባታችን ከተረከባቸው አምስት በቅሎዎች ሦስቱን ሸጠ። ያኔ ሰላም ሳለ፣ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ ጤናም ጉልበትም ሳለኝ አልሄድሁም። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ጀርመን ተመልሰን፣ ታኅሣሥ 29፣ ለእንኳን አደረሳችሁ ደባርቅ ደወልን። ኔትወርኩ ያን ዕለት ቀንቶናል። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «አባባ፣ የተራሮቹን ስም ይነግሩኛል?» አለቻቸው። የዩንግፍራውን ባቡር ቲኬት ገልብጣ እርሳስ ይዛለች።

«እሜቴ፣ ጆሮሽን ስጪኝ» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ስሞቹ ላይ ሲደርሱ ግን ጠራ። «ከደባርቅ ትነሻለሽ። ቧይት ራስን ታልፊያለሽ። ሳንቃበር ታድሪያለሽ። በማግሥቱ ጅንባርን ተሻግረሽ ግጭ። እሜት ጎጎ ላይ ነፋስ አለ፣ ልብስሽን አጥብቂ፣ ዳር አትሂጂ። ቀጥሎ ጨነቅ፤ ዋልያ ማየት ከፈለግሽ በጥዋት ተነሺ። ከዚያ ቧሂት። ጭሮ ለባ። አምቢቆ። ከአምቢቆ በሌሊት ተነሥተሽ ራስ ደጀን።»

እሷ ትጽፋለች። «ቧሂት በየትኛው ‹ሂ› ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እሱን አባትሽን ጠይቂ። እኔ በእግሬ ነው የማውቀው።»

ነገርኋት፤ ጻፈችው። ከዚያ የስዊዘርላንዱን ቢጫ ምልክት አስታውሳ ነው መሰለኝ፣ «ከጨነቅ ቧሂት ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

አባቴ ጥቂት ዝም አሉ። «በማን እግር? በኔ ነው ባንቺ?»

«በኔ» አለች፤ እሳቸውም ማስላት ጀመሩ።