ከነላስቲኩ

እንግዳ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ወደ ሙዚቃ ሸክላዎቼ ይዘረጋ ይሆን? እዚህ ሜሪላንድ ያለችው ሳሎናችን ግማሿ ሸክላ ነው። ባለፈው ሰሞን የሚስቴ አጎት ከአዲስ አበባ መጡና መነጽራቸውን አስተካክለው መደርደሪያውን ቃኙት።

«ጥላሁን የለም?»

«የለም ጋሼ። እነዚህ የኒው ዮርኩ የብሮድዌይ ቴአትር ዘፈኖች ናቸው።»

«አሃ፣ ታዋቂዎቹ!»

ታዋቂውንማ ማንም ይሰበስባል። እኔ የምሰበስበው የከሰረውን ነው። በእኛ በሰብሳቢዎቹ ዘንድ ክብር የሚለካው በተገላቢጦሽ ነው፤ ቴአትሩ ቶሎ በተዘጋ ቁጥር ባለሸክላው ደረቱን ይነፋል። በ1988 ብሮድዌይ የወጣችው «ኬሪ» 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በልታ ከተመረቀች በኋላ 5 ጊዜ ብቻ ታይታ ተዘጋች። ሸክላም አልታተመላትም። አዳራሹ ውስጥ ተደብቆ የተቀዳ ካሴት ያለው ሰው ስልክ ሲያነሳ ራሱ ድምፁ ይወፍራል።

ጋሼ አንዱን መዘዙ። ልቤ ቀጥ አለ። የ1964ቱ «ኤኒዋን ካን ዊስል» ነው፤ ሙዚቃው የስቲቨን ሶንድሃይም፣ አንጄላ ላንስበሪ የተጫወተችበት። ከነላስቲኩ፣ ያልተከፈተ! (ለሚስቴ 8 ዶላር ነው የገዛሁት ብያታለሁ። እናንተም እንደዚያው በሏት።)

«ስንት ዓመት ታየ?»

«9 ጊዜ።»

«9 ዓመት?»

«9 ጊዜ ጋሼ። ከዚያ ተዘጋ።»

እሳቸው አንድ ቴአትር በየሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ ሲታይ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ታዲያ ማን ብሎ ቀዳው?»

አስረዳኋቸው። በ1956 የ«ማይ ፌር ሌዲ»ን ወጪ የሸፈነው የኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ ባለቤት የሆነው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅቱ ሲቢኤስ ነበር፤ በሸክላው ብቻ ሀብት አፈሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ መጋረጃው ሳይከፈት መዋዋል ጀመሩ። አንዳንዴ ደግሞ ፍቅር ነው። ይሄኛው ቅዳሜ ተዘጋ፤ የኮሎምቢያው ጎዳርድ ሊበርሰን ተዋንያኑን እሁድ ሰብስቦ ቀዳቸው።

«ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ!» አሉ ጋሼ።

ላጽናናቸው ብዬ «ክዋሚና»ን አሳየኋቸው። 1961፣ ታሪኩ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ 32 ጊዜ ታይቷል።

«ይሄስ ትንሽ ኖሯል» አሉ።

ፈንዲሻ ላመጣ ወደ ኩሽና ገባሁ። የገባሁት ለአንድ ደቂቃ ነው። ስመለስ የጋሼ ጥፍር የ«ኤኒዋን ካን ዊስል»ን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆታል። 60 ዓመት ማንም ያልነካውን ላስቲክ!

«ልጄ፣ ሳትከፍተው ረስተኸው ነበር» አሉኝ። ውለታ የዋሉልኝ መስሏቸዋል።

ምን ይባላል? እንግዳ ናቸው፣ ያውም የሚስት አጎት። መርፌውን አስቀመጥኩ። ኦርኬስትራው ሳሎኑን ሞላው።

«ይኸው 10ኛው» አለች ሚስቴ ቡናውን እየቀዳች።

ጋሼ ስኒያቸውን ይዘው ጭንቅላታቸውን እያወዛወዙ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጥሩ ነው'ኮ!» አሉ። «ምን ሆነው ዘጉት?»