«ሠርጉ መቼ ነው?» አትበሉን

ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ አላውስም። ንፉግ ሆኜ አይደለም፤ ታክቶኝ ነው። ጋብሪኤል ዜቪን በእ.ኤ.አ. 2022 ያሳተመችውን፣ ርዕሱን ከሼክስፒር «ማክቤዝ» የወሰደውን «Tomorrow, and Tomorrow, and Tomorrow» የተባለ ልቦለድ ደብረ ብርሃን ላሉ ወዳጆቼ አዞርኩት። ሲመልሱልኝ ሁሉም የተማከሩ ይመስል አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ግን ለምን አልተጋቡም?»

ኧረ በፈጠራችሁ! ላላነበባችሁት ባጭሩ፤ ሳም እና ሴዲ የሚባሉ ሁለት ልጆች ሎስ አንጀለስ፣ ሆስፒታል ውስጥ ይተዋወቃሉ። እሱ በመኪና አደጋ እግሩ ደቅቆ የተኛ ነው፤ እሷ እህቷ ታማ የመጣች ናት። ሱፐር ማሪዮ ሲጫወቱ ይላመዳሉ፣ ይጣላሉ። ዓመታት አልፈው፣ እሱ የሃርቫርድ እሷ የኤም አይ ቲ ተማሪ ሆነው እንደገና ይገናኙና የቪዲዮ ጌም አብረው መሥራት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥራ ነው፤ ሲደናነቁ፣ ሲቀናኑ፣ ሲኮራረፉ፣ አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው ሲጨርስለት። አራት መቶ ገጽ ገደማ ሙሉ ይህን አንብባችሁ እናንተ የፈለጋችሁት ቬሎ ነው።

የነደደኝ ለመጽሐፉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህ ጥያቄ በየቀኑ ለእኔም ይቀርብልኛል። እኔም ከአንድ የመንዝ ልጅ ጋር ጌም እሠራለሁ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ እሱ ይሥላል። ጌማችን ስለ ጓሳ ነው። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሳቸው ሕግ እንደጠበቁት ታውቃላችሁ፤ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፣ ጠባቂ ይመደባል፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ ይከፈታል። ተጫዋቹ ጠባቂው ነው። የቤት ክዳን የሚያፈስበት ጎረቤቱ መጥቶ «አንድ ሸክም ብቻ» ሲለው ምን ይወስናል? ለዚህ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ ያስፈልጋል፤ ጓሳ ያለ ጭላዳ ጓሳ አይደለም።

ጭላዳ ሣር ሲነጭ አይቶ የማያውቅ ሰው ችግሩ አይገባውም። ለሚቀጥለው ሣር ብሎ አይነሣም፤ እንደተቀመጠ በመቀመጫው ይንፏቀቃል፣ እጆቹ ግን ለአፍታም አያርፉም። ይህችን መንፏቀቅ ኮምፒውተር ላይ ማምጣት ፈተና ነው። ቶሎ ካደረጋችሁት እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ካዘገያችሁት የታመመ ይመስላል። እኔ «ፈጠነ» ስል እሱ «አንቺ እኮ ጭላዳ በፎቶ ነው የምታውቂው» ይለኛል። እንኮራረፋለን። መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ኩርፊያውን ረስተን እንቀጥላለን።

ስዕሉን የሚችለው ኮምፒውተር ያለው እኔ ቤት ነው፤ መብራቱ ደኅና የሚሆነው ደግሞ ሲመሽ ነው። እንግዲህ የአከራዬን ነገር አስቡት። እሱ ገና ከመግባቱ እትዬ ከሰል ይዘው ከተፍ ይላሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለከሰል ሰበብ አያሳጣም። ምድጃውን አስቀምጠው ይቆማሉ፤ ዓይናቸው ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አልጋው ይሄዳል።

«ምን እየሠራችሁ ነው ልጆቼ?»

«ጭላዳ እያንፏቀቅን ነው እትዬ።»

«ይሁን፤ በሩ ግን ገርበብ ይበል» ብለው ይወጣሉ። በዚያ ቆፈን በር ከፍቶ ኮድ መጻፍ ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። በማግስቱ ጠዋት «የኔ ልጅ፣ ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?» ይሉኛል። የእሱ እናት ደግሞ ስልክ በደወሉ ቁጥር «ምራቴ ደኅና ናት?» ይላሉ። እሱ እንደሆነ መሐል ሜዳ ከተማ እጮኛ አለችው! ሰው ሁሉ ደውሎ «ኧረ ባልሽን ያዢ» ሲላት እሷ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ጌሙን ስልኳ ላይ ጭና ትጫወትና ስህተቱን እየለቀመች ትልክልናለች። ጠባቂው ገደል ውስጥ ሰምጦ እንደሚቀር ያገኘችው እሷ ናት። ከሐሜተኛው ሁሉ አንድ እሷ ጠቀመችን።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ፍቅረኛ ካልሆንኩ ረዳት መሆን አለብኝ። አንድ ዐውደ ርዕይ ላይ ጌሙን ይዘን ቀረብን። ኃላፊው መጡና እሱን ጨበጡት፤ እኔን «በርቺ፣ አግዢው» አሉኝ። ጌሙ ውስጥ ያለው ጎረቤት ሲቆጣ ጠባቂውን እንዴት እንደሚያስታውስ ጠየቁት። ያ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ ሥራ ነው። «እሷን ጠይቋት፣ እሷ ናት የጻፈችው» አላቸው። ኃላፊው ትከሻውን ቸብ አድርገው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ትሑት ልጅ ነህ!» የምስክር ወረቀቱም በእሱ ስም ብቻ ተጻፈ። እኔ ፎቶ እንዳነሣ ስልክ ተሰጠኝ።

ስለዚህ ነው መጽሐፉ ያንገበገበኝ። እዚያም የመጀመሪያው ጌማቸው ሲሳካ ሰዉ ሳምን ያነግሣል፤ የሴዲ ድካም ከጀርባው ይቀራል። ቂሙ ለዓመታት የሚብላላው ከዚህ ነው። ይህን ያነሣልኝ አንባቢ ግን አላገኘሁም። ሁሉም ሠርግ ፍለጋ ገጽ ሲገልጥ አልፎታል።

ጆን ካርማክ እና ጆን ሮሜሮ የሚባሉት የጌም ሠሪዎች በእ.ኤ.አ. 1993 «ዱም» የተባለውን ጌም ለዓለም ያቀረቡ ጊዜ አንዱ ሞተሩን፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ ጻፈ፣ ሌላው ተጫዋቹ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ነደፈ። ሰው የሚያወራው ስለ ሥራቸውና በኋላም ስለ ጠባቸው ነው። በር ገርበብ አድርጉ ያላቸው የለም። ወንድና ወንድ ሲሆኑ ባልደረባ፣ ወንድና ሴት ሲሆኑ እጮኛ፤ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ንገሩኝ።

እናንተ የእውነት መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ፣ የጭላዳ ድምፅ ጎድሎናል። ጓሳ አካባቢ ያላችሁ ነፋስ ጋብ ባለ ጠዋት በስልካችሁ ቅዱና በውስጥ መስመር ላኩልን፤ የቀዳው ሰው ስም ጌሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ሽማግሌ ግን አትላኩ።