ይድረስ ለ«ሙሉ አልበም በነጻ» ቻናል ባለቤት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን አሉ? በደብዳቤ ወግ «እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በቀን አርባ ጊዜ ስልኬን እያስጮሁ የሚመጡ ሰው እንዴት ይናፈቃሉ? ናፍቆት ፋታ ይፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ፋታ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

ራሴን ላስተዋውቅ። የአንድ አቀናባሪ ታላቅ ወንድም ነኝ። ታናሼ ገርጂ አካባቢ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳዋን በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ሸፍኖ፣ አሥራ ሁለት ዘፈኖች ሲያቀናብር ሁለት ዓመት ከረመ። መብራት ሲጠፋ ቀረጻው ይቋረጣል፤ መብራት ሲመጣ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። የማሲንቆ ተጫዋቹን ከነመሣሪያው በታክሲ ያመጣዋል፣ በታክሲ ይመልሰዋል። በአምስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ለምትሰማው የክራር ድርደራ ብቻ ሦስት ሌሊት አድሮላታል። አልበሙ ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወጣ። እርስዎ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ «ሙሉውን እነሆ» ብለው ለቀቁት። ሁለት ዓመት የፈጀን ሥራ በሰባ አምስት ደቂቃ ሲያስረክቡ ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። እኔ አንድ የነዋሪነት መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንደተመላለስሁ ቢያውቁ ለእኔም ያዝኑልኝ ነበር።

ለወንድሜ የራሱን አልበም ማን እንደላከለት ያውቃሉ? እናታችን! «የልጄ ሥራ ወጣልኝ» ብላ ከእርስዎ ቻናል አንሥታ በመጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥላ ለእኔ፣ ከዚያም ስልሳ ሦስት አባላት ላሉት የዕድር እናቶች የቴሌግራም ቡድን አዳረሰችው። ከእልልታው ብዛት ስልኳ ሞቆ ነበር።

እኔም የሕግ ዕውቀቴን ላሳያት ብዬ አዋጁን አወጣሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ቀልድ አያውቅም። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይጠብቀዋል ይላል። (በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያ አዋጅ ወጥቶለታል፤ እናቴን ለማስፈራራት ግን የመጀመሪያው ይበቃኛል።) አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል መገልገያው ብቻ በአንድ ቅጂ ማባዛት እንደሚችልም ተጽፏል። «አንድ» ነው የሚለው። ስልሳ ሦስት አይልም። እንግዲህ ከሳሽ ልጅ፣ ተከሳሽ እናት፣ ምስክር ዕድርተኛ የሚሆኑበትን ችሎት በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱት። እናቴ ግን መነጽሯን ከፍ አድርጋ «እኔ ምን ሰረቅሁ? ከሥሩ ‹ከአርቲስቱ ጋር በመተባበር› ይላል እኮ» አለችኝ። አየሁት፤ እውነትም ይላል። ወንድሜ መቼ እንደተባበርዎት እስካሁን አያውቅም።

ፋይሉ በዚያው አልቆመም። ሚኒሶታ የምትኖር አክስታችን ዘንድ ደረሰ። እሷም ደስ ብሏት በአሜሪካ ላሉ ዘመዶች በሙሉ ልታዘንበው ስትሰናዳ ደወልሁላት። «አክስቴ፣ ያለሽበትን ግዛት አትርሺ» አልኋት። እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት እናት 24 ዘፈኖችን በኢንተርኔት አጋርታለች ተብላ በሙዚቃ ኩባንያዎች ተከስሳ፣ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 222 ሺህ ዶላር ክፈይ ተብላ ነበር። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ፣ በ2009፣ ሌሎች ዳኝነት ሰጪ ዜጎች ተሰይመው 1 ሚሊዮን 920 ሺህ ዶላር ፈረዱባት፤ ለአንዱ ዘፈን 80 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ በ2012 የይግባኝ ፍርድ ቤት ወደ 222 ሺሁ መለሰው። የአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ ምን ያህል እንደከሰረ ባያስረዳም እንኳ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30 ሺህ ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ እስከ 150 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲወሰን ይፈቅዳል።

አክስቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «የእኛ ስንት ዘፈን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት። በ222 ሺሁ ሒሳብ 111 ሺህ ዶላር ይመጣል። «ውይ በሞትሁት!» ብላ አጠፋችው። ማለቴ፣ አሥራ አንዱን አጠፋች። አምስተኛው የክራሩ ነውና አላስቻላትም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ባልተጻፈው ሕግ መሠረት የዘፈን ሌባ አንገቱን ይደፋል ብዬ እጠብቅ ነበር። እርስዎ ግን የወንድሜን ስም ከፋይሉ ላይ ፍቀው የቻናልዎን ስም ጻፉበት። የአልበሙን ሽፋን አንሥተው የራስዎን አርማ ለጠፉበት። በሦስተኛው ዘፈን መሐል፣ ልክ ዋሽንቱ ሲገባ፣ «ቤተሰብ ይሁኑ!» የሚል ድምፅ ሰነቀሩበት። ከሁሉ በላይ ያስደመመኝ ግን ባለፈው ሳምንት የለጠፉት የቁጣ መልእክት ነው፤ «የደከምንበትን ሥራ እየሰረቁ በራሳቸው ቻናል የሚለቁ ነውረኞችን እናስጠነቅቃለን፤ ያለ ፈቃዳችን መውሰድ ክልክል ነው» ይላል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። የደከማችሁበትን! አባቶች «የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» ሲሉ እርስዎን አይተው ኖሯል?

«እኛ እኮ የምናስተዋውቀው በነጻ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለው የእግር ኳስ ውርርድ ማስታወቂያም በነጻ ነው? ድግሱ የሰው፣ በሬው የሰው፣ ጠላው የሰው፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ መግቢያ የሚቀበለው ግን እርስዎ።

ደግሞ እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። በልጅነቴ ሁለት ካሴት በሚወስድ ቴፕ ስንቱን ገልብጫለሁ። ካሴቱ ላይ እንዳይቀዳ የተሰበረችውን ቀዳዳ በወረቀት ወትፌ የትምህርት ካሴት ላይ ፍቅር ቀድቻለሁ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ድምፅ በየዘፈኑ ማብቂያ ብቅ ይል ነበር። ከዚያም የፍላሽ ዘመን ሲመጣ ሙዚቃ ቤት ሄጄ «ያለውን ሁሉ ጫንልኝ» ብያለሁ፤ የጫነልኝን ግማሹን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። ነገር ግን ያኔ አንድ ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ነበር፤ ሌባው ቢያንስ አድማጭ ነበር። እርስዎ የወንድሜን አምስተኛ ዘፈን ሰምተውታል? መቼም በሰባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ስም ፍቆ፣ አርማ ለጥፎ፣ ድምፅ ሰንቅሮ ጊዜ አይተርፍም። መግዣ የለም የሚባለውም ሰበብ አርጅቷል። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው፣ ኤልያስ መልካ ከመካከላቸው ሆኖ፣ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ይዘው የመጡት በ2011 ዓ.ም. ነው። በብር የሚከፈል ነበር፤ ዶላር አልጠየቁንም።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ዋና ጉዳይ እስካሁን አልነገርሁዎትም። እናቴ አዋጁን ካነበብሁላት በኋላ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣች። «ልጄን በላሁት» እያለች ተብሰለሰለች። በሦስተኛው ቀን ፊቷ በርቶ «ተገላገልሁ፣ ከፈልሁለት» አለችኝ። በምን? ከእርስዎ ቻናል ሥር «አርቲስቶቻችንን እንደግፍ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የባንክ ቁጥር አግኝታ ኖሮ፣ የጎረቤት ልጅ አስረድቷት ሁለት መቶ ብር አስገብታለች። የዕድር እናቶችንም ቀስቅሳ አሥራ አንዱ እንደየአቅማቸው ጨምረዋል። ድምሩ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ሆኗል። የሒሳቡ ባለቤት ስም የወንድሜ አይደለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ደረሰኙን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ በሰባ አምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲመልሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ወንድሜ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር አንዷ እናት ከደጃፏ ብቅ ብላ «ልጄ፣ ያቺ ነገር ደረሰችህ?» ትለዋለች፤ እሱም እንዳያሳፍራት ብሎ «ደርሳኛለች እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ያልፋል።

አክባሪዎ፣
የአቀናባሪው ታላቅ ወንድም