ግሱ ሳይመጣ መልስ የለም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ነው እንበል። አንዲት እናት ጋ ሲደርስ «ልጄ፣ ሂሳቡን ገና ከመናኸሪያው ሳንነሳ ለሹፌሩ…» ይላሉ። «ሹፌር ሂሳብ አይቀበልም፣ እማማ!» ይላል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ። ሴትዮዋ ግን ገና አልጨረሱም። «ሰጥቻለሁ» ሊሉ ይችላሉ፤ «ልሰጥ ስል ረዳቱ ይቀበልሻል አለኝ» ሊሉም ይችላሉ። በመጀመሪያው ክርክር አለ። በሁለተኛው ብሩ እጃቸው ላይ ነው።

አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማን አደረገ፣ ተደረገ ወይስ ሊደረግ ነበር፣ አዎ ነው ወይስ አይደለም፣ ሁሉም እዚያች የመጨረሻ ቃል ላይ ይለያል። ስለዚህ «ሳትመልስ በፊት አስብ» የሚለው ምክር ለእኛ ጎደሎ ነው። የት ላይ ቆመን እናስብ? ከግሱ በኋላ።

በ2009 እ.ኤ.አ. በ10 ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት (አማርኛ የለበትም) ሰው «አዎ» ወይም «አይ» ለሚያስመልስ ጥያቄ፣ ጥያቄው ካበቃ በአማካይ በ0.2 ሰከንድ ገደማ እንደሚመልስ አሳይቷል። አንዲት ቃል አስቦ ለማውጣት ግን 0.6 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ መልሳችንን የምናሰናዳው ሰውየው ገና እየተናገረ ነው። መገመቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጃፓንኛም ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል፣ በጥናቱ ግን ከሁሉም ፈጣን እርሱ ነበር። የሚያጣላን በንዴት ሰዓት የምንገምተው ግስ ነው፤ ሁልጊዜ የከፋውን እንመርጣለን።

«ሲናደዱ ከመመለስ በፊት እስከ 10 መቁጠር» የሚለውን ምክር አልደግፍም። ፊት ለፊት ተቀምጦ 10 ሰከንድ ዝም ማለት እኛ ዘንድ ወይ ንቀት ነው ወይ ኩርፊያ። 2 ወይም 3 ሰከንድ፣ አንድ ትንፋሽ ቀስ ብሎ የሚወጣበት ያህል፣ ይበቃል። የሚወጣበት ነው ያልኩት፤ ልብ አየር ስናስገባ ፈጠን፣ ስናስወጣ ዘግየት ይላልና። ብዙ ሰው ግን አየሩን በረጅሙ ስቦ ይይዘዋል። ደረቱ ይነፋል፣ ያየውም ሰው ለጠብ የተነሳ ይመስለዋል።

ከዚያ የመጀመሪያው ቃል የራስ መልስ አይሁን። የሰሙትን ግስ መልሶ መጠየቅ ነው፦ «ልሰጥ ስል ነው ያሉኝ፣ እማማ?» ይህ ከቀረ ዝምታው ምላስ መሞረጃ ይሆናል፤ 3 ሰከንድ የቆየ ስድብ ከፈጣኑ የባሰ ይቆርጣል። ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ እኮ ተራ መጠበቁን እናውቅበታለን፤ የሚጠፋብን ገበያና ታክሲ ላይ ነው።

አየር ወደ ውስጥ ስበን የምናሰማት አጭር «አዎ» ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተናጋሪው «እየሰማኝ ነው» ብሎ ይቀጥል ዘንድ ትረዳለች፤ በዋጋ ወይም በቤት ኪራይ ድርድር ላይ ግን «ተስማማ» ተብላ ልትወሰድ ትችላለች። እዚያ ላይ «እየሰማሁ ነው» ብሎ በቃል መናገር ይሻላል። ስልክ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አትሰማም፤ 2 ሰከንድ ዝም ካሉ «ሄሎ? ሄሎ?» ይመጣል፣ ቀጥሎም ስልኩ ይዘጋል።